ለሽያጭ በሚቀርብ ሶፍትዌር ውስጥ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለፋርማሲዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርተን እንሸጣለን። የተጠቀምንባቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች) ሁሉ የኤምአይቲ፣ የቢኤስዲ ወይም የአፓቺ ላይሰንስ ያላቸው ናቸው። ኮዳችንን መክፈት አለብን?

መልስ፦ የለባችሁም። ግን «ነፃ ነው» እየተባለ የሚዘለል ግዴታ አለ። ኤምአይቲና ቢኤስዲ የቅጂ መብት መግለጫውና የላይሰንሱ ጽሑፍ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። አፓቺ 2.0 በዚህ ላይ «ኖቲስ» የሚባል ፋይል ካለ ይዘቱን እንድታካትቱ፣ የቀየራችሁት ፋይል ካለም መቀየሩን እንድትጽፉበት ያዛል። ጽሑፎቹን በአንድ ፋይል ሰብስባችሁ ኢንስቶለሩ ውስጥ ክተቱ፤ ከ«ስለ ሶፍትዌሩ» ገጽም እንዲከፈት አድርጉ።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጃቫስክሪፕት ላይ ነው። የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን አንድ ላይ የሚጠቀልለው መሣሪያ ዌብፓክ 5 ለፕሮዳክሽን ሲገነባ የላይሰንስ ኮሜንቶችን (ኮዱ ውስጥ የተጻፉ ማስታወሻዎችን) ከኮዱ ነቅሎ አጠገቡ በሌላ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣቸዋል። ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ስክሪፕት የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን ብቻ መርጦ ሲቀዳ ያ ፋይል ቢሮ ይቀራል። የሚነቀሉትም ልዩ ምልክት ያላቸው ኮሜንቶች ብቻ ናቸው፤ ምልክት ያላደረገ ላይብረሪ ጭራሽ ዱካው ይጠፋል። ስለዚህ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር ላይብረሪ ከሚያወርድላችሁ ፓኬጅ ማኔጀር አውጡ እንጂ ኮሜንት ላይ አትተማመኑ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ የሚቆርጥ የዊንዶውስ ፕሮግራም እሸጣለሁ፤ ውስጡ ኤፍኤፍምፔግ የሚባለው የቪዲዮ ላይብረሪ አለ። «ኤልጂፒኤል ስለሆነ ችግር የለውም» ተብያለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የሚወስነው አገነባቡ ነው። ኤፍኤፍምፔግ በራሱ ኤልጂፒኤል 2.1 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ይህ ላይሰንስ የላይብረሪውን እንጂ የራስዎን ሶርስ ኮድ እንዲከፍቱ አይጠይቅም። «ኢኔብል ጂፒኤል» በሚለው አማራጭ ከተገነባ ግን ጠቅላላው ጂፒኤል ይሆናል፤ ይህኛው ላይሰንስ ከላይብረሪው ጋር ተዋህዶ የሚሰጠው የራስዎ ኮድም እንዲከፈት ይጠይቃል። ቪዲዮ የሚያምቀው ኤክስ264 ደግሞ ያለዚህ አማራጭ አይገባም፤ ተገንብተው ከሚወርዱት ብዙዎቹ እሱን የያዙ ናቸው። ኮማንድ ላይን ከፍተው በ«ቨርዥን» አማራጭ ያስኪዱትና «ኮንፊገሬሽን» የሚለውን መስመር ያንብቡ። «ኢኔብል ኖንፍሪ» ካዩበት ያንን ቅጂ በነፃም ቢሆን ለማንም ማከፋፈል አይቻልም።

ስለዚህ ያለ ሁለቱ አማራጮች ይገንቡ። የዲኤልኤል ፋይሎቹን (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠራቸውን የላይብረሪ ፋይሎች) ለብቻቸው ይተዉ፤ ዳይናሚክ ሊንክ የሚባለው ይህ ነው። ከፕሮግራምዎ ጋር በስታቲክ ሊንክ አንድ ፋይል አድርገው ካዋሃዷቸው፣ ደንበኛው ላይብረሪውን ቀይሮ መልሶ ማገናኘት እንዲችል የራስዎን ኦብጀክት ፋይሎች (ተተርጉመው ገና ያልተገናኙ የኮድ ፋይሎች) ማቅረብ ይጠበቅብዎታል። ፕሮግራሙ ሲነሳ የዲኤልኤሉን ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) እያመሳከረ «የተቀየረ ነው፣ አልሠራም» የሚል ከሆነም የዳይናሚክ ሊንኩ ጥቅም ያኔ ቀረ። ቅጂው የተገነባበትን ሶርስ ኮድ፣ የኮንፊገሬሽን መስመሩንና ያደረጉትን ማሻሻያ ኢንስቶለሩ ከሚወርድበት ቦታ አጠገብ ያስቀምጡ። ወደ ፕሮጀክቱ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ብቻ አይበቃም፤ ነገ እዚያ የሚገኘው ቨርዥን እርስዎ የሸጡት ላይሆን ይችላል።

በመጨረሻ የተጠቃሚ ስምምነቱን ይዩ። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ከሆነ «ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚል፣ ማለትም ፕሮግራሙን ፈታትቶ አሠራሩን ማጥናት የሚከለክል አንቀጽ አይጠፋውም። ኤልጂፒኤል ግን ደንበኛው ላይብረሪውን ለራሱ ሲቀይር ስህተት ለማረም ይህን እንዲያደርግ እንድትፈቅዱ ያስገድዳል። ቴክኒኩን በሙሉ አስተካክለው በዚህች አንድ መስመር ላይሰንሱን የሚጥሱ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያወጣ ሲስተም አለን፤ አይቴክስት 5 የሚባለውን የፒዲኤፍ ላይብረሪ ይጠቀማል። የሚሠራው በራሳችን ሰርቨር ላይ ስለሆነ ለማንም ቅጂ አንሰጥም። አይነካንም አይደል?

መልስ፦ ጂፒኤል ቢሆን ኖሮ ልክ ነበራችሁ፤ የእሱ ግዴታ የሚነሳው ቅጂ ሲሰጥ ነው። አይቴክስት ግን ከቨርዥን 5 ጀምሮ ኤጂፒኤል ነው። የዚህ ላይሰንስ 13ኛ አንቀጽ የተሻሻለውን ፕሮግራም በኔትወርክ ለሚጠቀሙ ሰዎችም ሶርስ ኮዱ እንዲቀርብላቸው ይጠይቃል። «ላይብረሪውን ራሱን አልነካነውም» የሚል ክርክር ይሰማል፤ በእኔ አስተያየት ሙሉ ሲስተም የሚያስይዙበት ክርክር አይደለም። ወይ የንግድ ላይሰንሱን ግዙ፣ ወይ አፓቺ 2.0 ወደሆነው ፒዲኤፍቦክስ ተሻገሩ። የግዕዝ ፊደል እንደ ዐረብኛው በቃሉ ውስጥ ቅርጹን ስለማይቀያይር፣ ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ እስካስገባችሁ (ኢምቤድ እስካደረጋችሁ) ድረስ አማርኛው በትክክል ይወጣል።

ጥያቄ፦ ፎንት ካነሳን፣ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ከፕሮግራሙ ጋር ብናሽገውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ መገኘቱ ቀድቶ የማከፋፈል መብት አይሰጥም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ ናቸው። ላይሰንሱን አያይዞ ከሶፍትዌር ጋር መሸጥ ይፈቀዳል፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ገዢው መሥሪያ ቤት ውሉ ላይ «የሶፍትዌሩ ሙሉ የባለቤትነት መብት ለገዢው ይተላለፋል» ብሏል። ልፈርም?

መልስ፦ እንዳለ አይፈርሙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ የላይብረሪዎቹ መብት ደግሞ የእርስዎ ስላልሆነ ሊያስተላልፉት አይችሉም። አንቀጹ ላይ «በአባሪ ከተዘረዘሩት የሦስተኛ ወገን ላይብረሪዎች በስተቀር» የሚል ያስገቡ። አባሪው የእያንዳንዱን ስም፣ ትክክለኛ ቨርዥንና ላይሰንስ ይያዝ። እርስዎ በቀጥታ የጠሯቸው ብቻ ሳይሆኑ እነሱ የጎተቷቸውም ይግቡበት። በ2014 ዓ.ም. ሎግፎርጄ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ብዙ ቡድኖች ቀናት የፈጀባቸው ማስተካከያው አልነበረም፤ ፋይሉ በሌላ ጃር (የጃቫ ጥቅል) ፋይል ውስጥ ተሸጉጦ ስለነበር የትኛው ደንበኛ ጋ እንዳለ መፈለጉ ነበር። አባሪውን በእጅ ከመጻፍ ሳይክሎንዲኤክስ በሚባለው የላይብረሪ ዝርዝር ፎርማት፣ ሶፍትዌሩ ሲገነባ (ከቢልዱ) በቀጥታ ያውጡት፤ አዲስ ቨርዥን ባስረከቡ ቁጥርም ይተኩት።