ማሽላው በሚያዝያ ካልተዘራ፣ ዕፅዋት ሳይንስ መማሬ ምን ይረባል?

ጥያቄው በአጭሩ፦ የራያ ቆቦ ልጅ ነኝ። ዕፅዋት ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። አባቴ ድሮ ሚያዝያ ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። አሁን በልጉ እየቀረ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራል። ጓደኞቼ ኮዲንግ ጀምረዋል። እርሻው ራሱ እየከሰረ የእርሻ ባለሙያ ማን ይቀጥራል? ልቀይር?

ሰላም እህቴ፣

አትቀይሪ። ለምን እንደምልሽ ከአባትሽ ማሳ ልነሳ።

እናንተ ጋ ደጋሌት፣ ጅጉርቲ የሚባሉት ማሽላዎች ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። በበልጉ ዝናብ ይበቅላሉ፣ ክረምቱን ጠጥተው መኸር ላይ ይታጨዳሉ። በልጉ ሲቀር ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ አፈሩ እርጥበቱን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ የድሮው ያህል ቢዘንብ እንኳ ላይበቃ ይችላል። አባትሽ ወደ ጤፍ የዞሩት ማንም ሳይመክራቸው ነው አይደል? በልጉ ከቀረ ጤፍ፣ ክረምቱም ከዘገየ ሽምብራ። የአየር ንብረት ለውጥን መላመድ የሚባለው ይኸው ነው።

ተመራማሪዎችም ዝም አላሉም። እንደ መልካምና ተሻለ ያሉ ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች ወጥተዋል። ጎቢዬ የሚባለው አቀንጭራን፣ የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚያደክመውን አረም፣ ይቋቋማል። ግን ብዙ ገበሬ አልተቀበላቸውም። ቢሮ የተቀመጠ ሰው «ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም» ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ግን የአገዳውን ነገር ታውቂያለሽ። ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ አጭር ስለሆነ አገዳው ትንሽ ነው፤ አገዳ ደግሞ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ ለቤትም ይሆናል። በዚያ ላይ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የደረሰ ማሽላ ላይ የወፍ መንጋ ይሰፍርበታል። እህሉ ቶሎ ደረሰ ተብሎ በሬው ጾሙን አያድርም! ዘር የሚያሻሽለውም፣ ዘር የሚያከፋፍለውም ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

የሚጎድልሽ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ፓይተንም ሆነ አር (R) የሚባለውን የኮዲንግ ቋንቋ ተማሪ፤ ቢያንስ ኤክሴልን በደንብ ልመጂ። የምትለማመጂበት መረጃ ግን የራስሽ አገር ዝናብ ይሁን። የመመረቂያ ጥናትሽን እንዲህ አስቢው። ባለፉት 30 ዓመታት ቆቦ ላይ ዝናቡ በየዓመቱ መቼ ጀመረ? መቼ አቆመ? ከዘር በኋላ ከ10 ቀን በላይ ዝናብ የጠፋው ስንት ጊዜ ነው? ከእነዚህ ዓመታት ለደጋሌት የሚበቃው የትኛው ነበር፣ ለጤፍስ? ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን አንድ ግራፍ ይዞ የቀረበ ልጅ፣ «የአየር ንብረት ለውጥ ያሳስበኛል» ከሚል አሥር ሰው ይበልጥብኛል።

ሥራው የት ነው? ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብሽ ነው፤ የአካባቢው ሁኔታ ሲፈቅድ ለልምምድ ጠይቂ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ መስኖም አለ፤ ውሃ ለክቶ ማጠጣት የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም። ብዙ ተማሪ የማያስበው ደግሞ መድን ነው። ቦረና ውስጥ ከ2012 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የከብት መድን ይሸጣል። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ያያል፤ ከተወሰነው በታች ሲወርድ አርብቶ አደሩ ይከፈለዋል። ይህን የግጦሽ መለኪያ (ኢንዴክስ) የሚያሰላም፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳም ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚችል ግን ብዙ የለም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኝነትን አልሸፍንልሽም። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ሪፖርቱ ብዙ ነው፣ ማዳበሪያ ስታከፋፍይ የምትውይበትም ቀን አለ። ሌላ ካልተገኘ ግን ግቢበት። ሁለት ዓመት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ እዚያው ቅሪ አልልሽም።

ሌላ ነገር፦ «ክላይሜት ስማርት» (ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የተላመደ እርሻ) የሚል ሰርተፍኬት በብር የሚሸጡ የኦንላይን ኮርሶች ሞልተዋል። ገንዘብሽን አታውጪ። ማስተርስ ካማረሽ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ዘርፍ የልህቀት ማዕከል አለው። እሱ ግን ከምረቃ በኋላ የሚታሰብ ነው።

አሁን የሚቸኩለው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። የዝናብ መረጃውን ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለመጠየቅ ዲፓርትመንትሽ ይጻፍልሽ። ግቢው ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት አስገቢው፤ መስከረም ላይ ከጀመርሽ የመመረቂያሽ ጊዜ መረጃ ስትጠብቂ ያልቃል።