የቀላ ናስ ሁሉ የሞተ ናስ አይደለም

ጥያቄው የመጣው በአዳማ ከተማ ያገለገለ የቧንቧ ዕቃ አጽድቶ ከሚሸጥ አንባቢ ነው። ከፈረሱ ቤቶች 20 ኪሎ ያህል ናስ ገዝቷል፦ ቫልቭ፣ ኒፕል፣ ጎሚቶ፣ የቆጣሪ ነት። በብረት በርሜል ውስጥ ኮምጣጤና ጨው ጨምሮ አሳደረው፤ ጠዋት ሲያወጣው ግማሹ እንደ መዳብ ቀልቷል። ከዶሮ ቤት አጠገብ ለወራት ከተቀመጠ ሌላ ጆንያ የወጡ ሦስት ነቶች ደግሞ ገና ሲጠብቁ ተሰነጠቁ። «ናሱ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» ይላል።

ወንድማችን፣ መቅላቱና መሰንጠቁ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በአብዛኛው እርስዎ አምጥተውታል፣ ሊመለስም ይችላል። ሁለተኛው አይመለስም።

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። የቧንቧ ዕቃ የሚሠራበት ናስ 58% አካባቢ መዳብ፣ 2% አካባቢ እርሳስ፣ የቀረው ዚንክ ነው። ኮምጣጤና ጨው ተባብረው ሁለቱንም ያሟሟሉ፣ ዚንኩን ግን ያስቀድማሉ። ዚንኩ ሲወጣ የሚቀረው መዳብ ቀይ ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ በርሜሉ ብረት ነበር። አሲድ ውስጥ የሟሟ መዳብ ብረት ሲያገኝ ተመልሶ ይለጠፋል፤ በብረቱም ላይ፣ ብረቱን በነካው ናስም ላይ። አንድ የተረሳ ምስማር ወይም የብረት መያዣ እንኳ ባልዲውን ሙሉ ያቀላል። ስለዚህ ከመንከርዎ በፊት በዕቃው ሁሉ ላይ ማግኔት ያሳልፉ፤ የሳበውን ይፍቱና ያውጡ።

አሁን የቀላውን ይለዩ። ዕቃውን ሞርሳ (ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አጥብቀው መፍቻ በሚይዘው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሂዱበት። የሚጠብቅበትን ጥርስና ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) የሚቀመጥበትን ፊት አይንኩ። ወዲያው ቢጫ ከወጣ ቅላቱ ቀጭን ሽፋን ነው፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ወርደውም ቀይ ከሆነና ብናኙ እንደ ሸክላ ፍርፋሪ ከሆነ፣ ዚንኩ ከውስጥ አልቋል። ይህ በአንድ ሌሊት ኮምጣጤ አይመጣም፤ ዓመታት ውሃ የሠራው ነው። ቅርጹ ይቀራል፣ ጥንካሬው የለም። በቫልቭ ገላ ላይ ነጭ የደረቀ አረፋ የመሰለ ነገር በነጥብ በነጥብ ከወጣም ያው ነው። እነዚህን ለቀላጭ በኪሎ ይሽጡ። ሲ እና አር የሚሉ የላቲን ፊደላት የተቀረጹባቸው ቫልቮች ይህን በሽታ እንዲቋቋሙ የተሠሩ ስለሆኑ ለብቻ ያስቀምጧቸው፤ ዋጋቸውም የተሻለ መሆን አለበት።

ቀጭኑን ሽፋን የድስት ማጠቢያ ሽቦ ያነሳዋል። ብዙ ከሆነና እጅ ከደከመ፣ ከታች በምነግርዎ የሲትሪክ ውሃ አንድ ሊትር ላይ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አንድ ሊትር ይቀላቅሉ። በፕላስቲክ ዕቃ፣ ክዳን ሳይደረግ፣ ደጅ። ዕቃውን ሁለት ሦስት ደቂቃ እያዩ ያቆዩት፤ ቅላቱ ሲለቅ ያውጡ። ድብልቁን በጠርሙስ ዘግተው ማስቀመጥ አይቻልም፣ ጋዝ እየለቀቀ ያፈነዳዋል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ኮምጣጤውን ይተዉት። አስቀድመው ጎሚኒውን፣ ቴፍሎኑንና ቃጫውን ያውልቁ፤ ክሮም የተለበጠውንም ይለዩ፣ አሲዱ በተላጠው ቦታ ገብቶ የቀረውን ያነሳዋል። ከዚያ በ10 ሊትር ሙቅ ውሃ አንድ እፍኝ ኦሞ ውስጥ 20 ደቂቃ ነክረው በብሩሽ ያጥቡ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ዝንጉርጉር ዕቃ የሚያወጡት፤ ቅባት ባለበት አሲድ አይዝምና።

ቀጥሎ በፕላስቲክ ባልዲ 5 ሊትር ውሃ ላይ 250 ግራም ሲትሪክ አሲድ ያሟሙ። ነጭ የውሃ ጠጠር ለሌለበት፣ ለጠቆረ ብቻ፣ 100 ግራም ይበቃል። የውሃው ሙቀት 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን፤ ጓንት ያደረገ እጅ ሊታገሠው የሚችል ማለት ነው። ውሃውን ለብቻው አፍልተው ወደ ባልዲው ይጨምሩ እንጂ አሲዱን በአሉሚኒየም ድስት አይጣዱ፣ ድስቱን ይበላዋል። በአንድ ጊዜ ከ3 ኪሎ በላይ አይክተቱ። ጠጠሩ ሲንተከተክ ይሰማሉ። በ10 ደቂቃ አንስተው ይዩ፣ ያልለቀቀውን ይመልሱ፣ ከ30 ደቂቃ ግን አይለፉ። ማሳደር የሚባል ነገር የለም። ውሃው ሰማያዊ አረንጓዴ እየሆነ ከሄደ መዳብ ጠግቧል፤ ይቀይሩት።

ከአሲዱ ሲወጣ በ5 ሊትር ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ለሁለት ደቂቃ ይንከሩ፣ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ ያለቅልቁ፣ ቀዳዳውን በኮምፕሬሰር ይንፉ፣ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያሙቁ። እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ከከተቱት በማግስቱ እንደገና ይጠቁራል። አዳማ ላይ ለማድረቅ ምክንያት አይታጣም።

ደንበኛ ማብረቅረቅ ከፈለገ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ በሩዝ መጠን ሰባብረው ከዕቃው ጋር ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያንከባልሉ። ያገለገለ የጥይት ቀለህ የሚያጸዱ ሰዎች በማሽን የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። እነሱ የማይዝግ ብረት ደቃቅ መርፌ በውሃም ያንከባልላሉ፣ ግን ለሰዓታት ሲቆይ የቀለሁን አፍ ይቀጠቅጠዋል። የእርስዎንም ዕቃ ጥርስ ያዶለዱመዋል፤ ለቧንቧ ዕቃ ቆረቆንዳው ይበቃል። አቧራው እርሳስ ስላለበት ባልዲውን ደጅ ይክፈቱ፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

በረኪና አይጠቀሙ። ናስ ይበላል፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የባትሪ አሲድና የሴራሚክ ማጠቢያ አሲድም ለዚህ ሥራ ከልክ በላይ ናቸው።

ወደተሰነጠቁት እንምጣ። ጥፋተኛው የዶሮ ቤቱ ነው። ከኩስና ከሽንት የሚወጣ አሞኒያ፣ እርጥበት ሲጨመርበት፣ በውስጡ ውጥረት ያለበትን ናስ በብረቱ ደቃቅ ቅንጣቶች መሐል ገብቶ ይሰነጥቃል። ታሪኩም ከቀለህ ጋር የተያያዘ ነው፦ የእንግሊዝ ጦር በሕንድ በዝናብ ወቅት በፈረስ ጋጣ ያስቀመጣቸው ጥይቶች ቀለሃቸው ይሰነጠቅ ነበር። ምክንያቱ አሞኒያ መሆኑ በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታተመ ጥናት ተብራራ። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለበት፣ ዩሪያ ማዳበሪያም እርጥበት ሲነካው ያመነጫል። ጆንያውን ከዶሮም ከማዳበሪያም ያርቁ።

ከዚያ ጆንያ የወጣውን ሁሉ ይፈትሹ። ዕቃውን ካጸዱ በኋላ ነጭ ጋዝ ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩት፣ ላዩን በጨርቅ አጥርተው ያድርቁ፣ ጠመኔ በደንብ ይቀቡት። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ወደ ላይ እየወጣ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መስመር ያሳየውን በብየዳ ለማዳን አይሞክሩ። ያላሳየውንም ቢሆን ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ሥራ አይሽጡት፤ በሚታይ ቦታ ይገጠም፣ ሙሉ የውሃ ግፊት ተሰጥቶትም አንድ ሌሊት ይደር።

ያገለገለውን አሲድ ቦይም ጓሮም አያፍስሱ፣ መዳብና እርሳስ አለበት። ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ላይ፣ ልጅና ዶሮ በማይደርስበት፣ ፀሐይ ያድርቀው። የቀረውን ዝቃጭ በክዳን ዕቃ ይዝጉት።