ቢጫዋ ካርድ ለማን ትመሰክራለች?

ጥያቄ፦ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። ፒያሳ ካለ ሱቅ ለ4 ዓመት ልጄ፣ ታድግበታለች ብዬ ሁለት ቁጥር አስበልጬ፣ ፒጃማ ገዛሁ። ቡና ሳፈላ የከሰል ፍንጣሪ እጅጌዋ ላይ አርፎ ተቀጣጠለ፤ ተመስገን፣ ገላዋን አልነካትም። በወላጆች የቴሌግራም ቡድን «ሱቁ አሜሪካ ያገደችውን ልብስ እያወቀ ይሸጣል» ብዬ የልብሱን ካርድ ለጠፍሁ። ማስረጃ ሲጠይቁኝ «ውሸት ነው የሚል ያስረዳ» አልሁ። ባለሱቁ እከስሻለሁ ብሎኛል። እኔስ ልከሰው እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የላኩልኝን ፎቶ አጉልቼ አነበብሁት። ቢጫዋ ካርድ የምትለው ልብሱ እሳት እንደማይቋቋምና ለልጁ ደኅንነት ገላ ላይ ልክክ ብሎ መለበስ እንዳለበት ነው። የእገዳ ምልክት አይደለችም፤ እንድትንጠለጠል ያዘዘው ራሱ የአሜሪካ ሕግ ነው። እዚያ የልጆች የሌሊት ልብስ ጨርቅ ለ3 ሰከንድ ነበልባል ተይዞበት ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ገላ ላይ ጥብቅ የሚሉትንና ከ9 ወር ለማይበልጡ ሕፃናት የሚሠሩትን ከፈተናው ነፃ አደረጉ። ጥብቅ ያለ ልብስ ወደ እሳት አይንዘረፈፍም፣ ከሥሩም ነበልባል የሚመግብ አየር የለውም። ሁለት ቁጥር ሲያስበልጡ ይህ ጥበቃ ቀረ። አልወቅስዎትም፤ እኔም ያደግሁት እጅጌ እየጠቀለልሁ ነው። ነገር ግን የባለሱቁ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣት ካርድ ይህችው ናት።

«ውሸት ነው የሚል ያስረዳ» ማለት ችሎት ፊት አያዋጣም። ባለሱቁ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 በስም ማጥፋት ቢከስዎት፣ የጻፉት እውነት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው። ከሁሉ የምታሰጋኝ «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ናት። የሰውየውን ልብ በምን ምስክር ያስረዳሉ? መልእክቱ ወረቀት ስላልሆነም አይዘናጉ፤ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክትን በኤሌክትሮኒክነቱ ብቻ ዋጋ አያሳጣውም። ማጥፋትም ብዙ አይረዳም፣ ያነበበው ሁሉ ስልክ አለው።

እርስዎ ይክሰሱ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085 በዋናነት የሚይዘው አምራቹን ነው፤ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀሙ ጉዳት ማድረሱንም ይጠይቃል። ባለሱቁን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ይፈቅዳል፤ ካርድ ላይ የተጻፈን ጠባይ ጉድለት ነው ብሎ ማሳመን ግን ይከብዳል። ልጅቷ ደኅና ስለሆነች የቀረው የአንድ ፒጃማ ዋጋ ነው። ለዚያ ፍርድ ቤት አልልክዎትም።

ይልቅ እዚያው ቡድን ውስጥ «የታገደ» እና «እያወቀ» ያልሁትን አንሥቻለሁ ብለው ይጻፉ። በዓይንዎ ያዩትን ግን አይሰርዙ፦ ቀኑን፣ ፍንጣሪውን፣ የልብሱን ቁጥር። የካርዷንም ትርጉም ይጨምሩበት፣ ሌሎች እናቶችም አስበልጠው ገዝተው ይሆናልና። ፒጃማውን አይጠቡት። ከነተቃጠለው እጅጌ፣ ከነካርዱና ከነደረሰኙ በፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡት።