ጥያቄ፦ አባቴ አባል የነበሩበት የቀድሞ ተማሪዎች ኳስ ቡድን ፎቶ አለኝ፤ ቡድኑ ደሴ ላይ በየትኛው ዘመን እንደነበረ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ከፎቶው በፊት አባትህ ያስቀመጡት የአባልነት ወረቀት ላይ ያለውን ማህተም እይ። «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» ካለ የንጉሡ ዘመን ነው፤ «ወሎ ክፍለ ሀገር» ካለ የደርግ። «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» የሚል ካገኘህማ ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ማህተሙ ከደበዘዘ ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለህ አንብበው።

ከዚያ ፎቶውን ይዘህ ሆጤ ሜዳ አካባቢ ያሉ የድሮ ተጫዋቾችን ፈልግ።

አደራ፣ ሽማግሌዎቹን አንድ ላይ ሰብስበህ አትጠይቅ። አንዱ ቀድሞ ዓመት ከጠራ ሌሎቹ እሱን አክብረው ይስማማሉ፤ ይህን በአጎቴ ጓደኞች አይቻለሁ። ለየብቻ፣ ቡና ላይ፣ «በረኛው ማን ነበር? ማሊያውን ማን ገዛላችሁ?» በላቸው። ዓመቱን የረሳ ሰው ይህን ጥርት አድርጎ ይነግርሃል። የሰማኸውን እዚያው ጻፍ፣ የተናጋሪውንም ስም ጨምርበት።