ቢራቢሮዋ ትገኛለች፣ ዝርያው ይገኛል

ጥያቄ፦ ስለ አንዲት ትንሽ ቢጫ ቢራቢሮ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ዩሬማ ብሪጊታ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የዩሬማ ብሪጊታ ዘሮች በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በህንድ ትገኛለች፤ በበጋ ደግሞ ሌላ ዝርያ አላት።» ጓደኛዬ አንብቦ ሳቀብኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? «ንዑስ» የሚለውስ በየትኛው ፊደል ይጻፋል?

መልስ፦ የሚያስቅ ነገር የለውም፤ መጠገን ግን አለበት።

ከግሱ ልጀምር። ቢራቢሮ እንደ ንብና እንደ ሸረሪት ብዙ ጊዜ በሴት ነው የምትጠራው፤ ትንሽነቷም ያግዛታል። ስለዚህ «ቢራቢሮዋ ትገኛለች» ልክ ነው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ግን «ዘሮች» ስለሆነ «ይገኛሉ» ይላሉ። «ዝርያው» ካሉም «ይገኛል» ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ መሀል ላይ ሦስት ቦታ ተደርድሮ እዚያ እስኪደረስ ባለቤቱ ይረሳል፤ ጋዜጠኛውም ሳይቀር እዚህ ላይ ይስታል።

«ዘር»ን ይተዉት። የሚዘራውም ዘር ነው፣ የሰው ትውልድም ዘር ነው። ለእንስሳት «ዝርያ» ተለምዷል። ዩሬማ ብሪጊታ እንግዲህ አንድ ዝርያ ነው፤ በየአካባቢው የተለየው ደግሞ ንዑስ ዝርያ። ይህ የሚታወቀው በሦስተኛው ስም ነው። የህንድና የስሪላንካው ዩሬማ ብሪጊታ ሩቤላ ይባላል፣ የማዳጋስካሩ ፑልኬላ፣ የአውስትራሊያው አውስትራሊስ። ከሰሃራ በታች ያለው፣ የኛም አገር ጭምር፣ ዩሬማ ብሪጊታ ብሪጊታ ነው። ይህን አርታኢዎ «ተደግሟል» ብሎ እንዳይሰርዝብዎ! እ.ኤ.አ. በ1780 ለዝርያው መጀመሪያ ስም ሲወጣ መነሻ የሆነችው ቢራቢሮ ከዚህ ወገን ስለሆነች ነው ስሙ የሚደገመው።

ትልቁ ስህተት የበጋው ነው። በዝናብ ወራት የክንፏ ጥቁር ጠርዝ ሰፋ ይላል። በበጋ ይጠብና የክንፏ የታችኛው ገጽ ወደ ቀይ ይወስደዋል። ያው አንድ ቦታ፣ ያው አንድ ወገን ነው፤ የተለወጠው ወቅቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «የበጋ መልክ» ይበሉት። ንዑስ ዝርያ በቦታ እንጂ በወር አይለይም።

እንግዲህ እንዲህ ቢሆንስ፦ «የዩሬማ ብሪጊታ ንዑስ ዝርያዎች በአፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በህንድና በአውስትራሊያ ይገኛሉ፤ ቢራቢሮዋ የበጋና የክረምት መልክ አላት።»

«ንዑሳን ዝርያዎች» ማለትም ይቻላል፣ ግዕዙ ይፈቅዳል። እኔ አልመርጠውም። «ንዑስ ኮሚቴዎች» እያልን ቢራቢሮ ላይ ስንደርስ ለምን እንራቀቃለን? ፊደሉን በተመለከተ፣ የግዕዙ ግስ «ንእሰ» ነው፤ ስለዚህ ሥሩን የሚጠብቅ ሰው በአልፋው «ንኡስ» ብሎ ይጽፋል። በሕግ መጻሕፍት ሳይቀር የሰፋው ግን በዓይኑ «ንዑስ» ነው። የወደዱትን ይያዙ፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን አይቀላቅሉ እንጂ።