መልስ፦ ሰዓሊው ካሜራ ፊት ዝም ካሉ

ደሴ ላይ ስለ አንድ አዛውንት ሰዓሊ ፊልም እየሠራህ፣ «ካሜራ ሲበራ ዝም ይሉብኛል፣ ምን ላድርግ?» ብለሃል። ቃለ መጠይቁን ተወው። እሳቸው ዝም ካሉ፣ እጃቸው ይናገር። ቀለም ሲበጠብጡ፣ ብሩሹን በአሮጌ ጨርቅ ሲጠርጉ ቅረጽ። ድምፃቸውን ሌላ ቀን፣ ካሜራ ሳትይዝ፣ ሥዕሎቹን እያሳዩህ ቅዳ። «ጋሼ፣ ይቺን የት ሆነው ሣሏት?» ብቻ በላቸው። ወሬው ራሱ ይመጣል።

ከዚያ አንድ ሥዕል ምረጥና የተሣለበትን ቦታ ፈልግ። ጦሳ ተራራን ከቤታቸው መስኮት ከሣሉት፣ አንተም ከዚያው መስኮት ቅረጸው። ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ ከተማዋን ሲውጣት ድገመው። ሥዕሉንና ተራራውን ግን አከታትለህ አታሳይ፤ ፖስትካርድ ማወዳደር ይሆንብሃል። መሀል ላይ ሰዓሊው ወደ ሰኞ ገበያ ሲወርዱ አስገባ። ተመልካቹ ቦታውን ራሱ ሲያገኘው ነው ደስ የሚለው።

ሥዕሎቹን ስትቀርጽ፦

1. ካሜራው ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ ይበል፤ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አድርግ። የዘይት ቀለም አያብረቀርቅብህም።
2. በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርግ። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ አይርገበገብብህም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ስሠራ የሰዓሊውን ክፍል አጸዳሁት። ቀለም የደረቀበትን ጣሳ አወጣሁ፣ ቀለም የሞከሩበትን ግድግዳ በጨርቅ ሸፈንኩ። ፊልሙ ላይ ክፍሉ የማንም ክፍል ሆነ። በኋላ ስመለስ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። አንተ መጀመሪያ ቀን፣ ወንበር እንኳ ሳታነሳ፣ ክፍሉን ሙሉውን ቅረጽ።