አዲስ ዶሮዎች፦ ቆጥ፣ ኩስና መኖ

እህቴ፣ ከቡሬ ገበያ የገዛሻቸው ዶሮዎች ጎረቤት ግቢ እያደሩ፣ ኩሳቸውም እየሸተተ ላስቸገረሽ ይኸው።

መጀመሪያ አትልቀቂያቸው። አንድ ሳምንት ያህል ቤታቸው ተዘግተው ይብሉ፣ ይደሩ። ከዚያ አመሻሽ ላይ ክፈችላቸው፤ ሲጨልም ራሳቸው ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። የቆዩ ዶሮዎች ካሉሽ ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለይተሽ አቆዪያቸው። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ስለ ክትባቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቂ።

ኩስ የሚሸተው ሲረጥብ ነው። አብዛኛውን ማታ ከቆጡ ሥር ስለሚጥሉት፣ እሱን ጠዋት ጠዋት ጥረጊ። ወለሉን የጤፍ ገለባ ጎዝጉዢው። ገለባውን ጨበጥ አድርገሽ ስትለቂው ጓል ሆኖ ከቀረ ረጥቧል፣ ቀይሪው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውሃ መጠጫው ዙሪያ ነው፤ ክረምት ላይማ አይጣል! ትኩሱን ኩስ ጌሾ ሥር እንዳትደፊው፣ ያቃጥለዋል። ከገለባው ጋር ተከምሮ ጥቂት ወራት ይብላላ።

መኖው ላይ እኛ ጎጃሞች በቆሎ ስለማናጣ እሱኑ እንበትናለን። በቆሎ ብቻውን ያወፍራል እንጂ እንቁላል አያበዛም። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረውን) እና ፉርሽካ ቀላቅይበት፤ የሻገተ እህል ግን በፍጹም። አንዲት እንቁላል ጣይ ተዘግታ ከዋለች በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ይበቃታል፤ ግቢ ለቃቅማ የምትውል ከሆነ ቀነስ አድርጊላት። የእንቁላል ቅርፊትም አድርቀሽ፣ አድቅቀሽ ስጫቸው።